ሙላቴ የሸጠልኝ ካርድ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለፈንታነሽ፣ ሐዋሳ።

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽ አስናቀስ ደህና ነው? ልጅሽ ሕሊናዬስ ጥርስ አበቀለች? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ሌላው ግን ደህና አይደለም። ያልደወልኩልሽ ስልኬን ፖሊስ ስለያዘው ነው። የምጽፍልሽ ከእስር ቤት ነውና ተቀምጠሽ አንብቢው።

የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርበት ኮምፒዩተር ምስሉ ከብዶት ስላስቸገረኝ፣ ምስሉን የሚያቀልለት ግራፊክስ ካርድ የሚሉትን ዕቃ፣ ያገለገለውን፣ በርካሽ ገዛሁ። የሸጠልኝ ገበያው ዳር አሮጌ ኮምፒዩተር የሚነግደው ሙላቴ ነው፤ አብሮኝ የተማረው። ደህና ዕቃ ነው ብሎ በማርያም ማለልኝ። በወሩ ግን የሙሽራዋ ፊት ስክሪኑ ላይ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ጭልም አለ። ካርዱን ብነካው እሳት ነው!

ግትርነቴን መቼም ታውቂያለሽ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ "አሙቀው፣ የላላው ብየዳ ይያያዛል" ቢለኝ፣ ከጸጉር ቤት ማድረቂያ ተውሼ አሞቅሁት። አንድ ቀን ሠርቶ እንደገና ሞተ። ሙላቴ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ደህናውን ዕቃ የገደልከው አንተ ነህ" ብሎ ሳቀብኝ።

ደሜ ፈላ። ካርዱን ፊቱ ላይ ወረወርኩበት። አንዴ ትከሻውን፣ አንዴ ጭንቅላቱን በዱላ አልኩት። ወድቆም አልበቃኝ፤ መደርደሪያውን ገለበጥሁበትና መስታወቱ ግራ ዓይኑን አፈሰሰው። በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንቺን አልዋሽም። ወንድሙ ማሬ ገጀራ ይዞ እስከ ጋፋት መንገድ አባረረኝ። ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ የእኔን ተዝካር ታስቢ ነበር። ሐሙስ ለት ደግሞ ማሬ በራችን ላይ ተኩሶ ተሰወረ። እማ ከቤት መውጣት ፈርታለች።

ሽማግሌዎች ገብተዋል፤ እርቁ ግን ሙላቴ ካልፈቀደ አይሆንም። ትናንት ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ይርጋ ሆስፒታል ጠይቀውት መልሱን አመጡልኝ። ሙላቴ የወረወርኩበትን ካርድ ከሱቁ አስመጥቶ፣ በቀረችው ዓይኑ ፈትቶ፣ ከማራገቢያው ሥር ተጠምጥሞ እንዳይዞር ያነቀውን የጋቢ ክር አወጣ አሉ። ወይ ጉድ! እማ ናታ! እኔ ለምሳ ስነሳ "ብርድ እንዳይመታው" እያለች የሚሠራውን ኮምፒዩተር ጋቢዋን ታለብሰው ነበር። እኔም ስመለስ ገፍፌ አስቀምጠዋለሁ እንጂ ምንም አልመሰለኝም። ሙቀቱ እንዲወጣለት የጎኑን ክዳን ክፍት መተዌን እሷ የት ታውቃለች?

ካርዱን ሱቁ ወስደው ሲሞክሩት ሠራ። ሙላቴ የላከብኝ ቃል ይህ ነው፦ "ካርድህን ጠግኜልሃለሁ፤ ዓይኔን ጠግንልኝና እንታረቅ።" ምን ብዬ ልመልስለት እታለም? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የወጋሁት እኔም አልረሳሁም።

አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ ታላቅ አንቺ ነሽ። ለሙላቴ እናት ለእትዬ ጌጤ ደውይላት። ለእኔ አትለምኝ፤ ማሬ መሣሪያውን እንዲያስቀምጥ፣ እማን እንዲተዋት ብቻ ለምኛት። ለእማ የጋቢውን ነገር እንዳታነሺባት፣ አደራ።

አስናቀን በብርቱ ሰላም በይልኝ። ጎረቤትሽን ወርቅነሽንም እንዲሁ። ሕሊናን ሁለቱንም ዓይኖቿን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ የሺዋስ
ደብረ ታቦር፣ የካቲት 19 ቀን 2009 ዓ.ም.