ሳይቀምሱ አያጠጡም ነበር፦ የወይዘሮ የዝና አለነ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የዝና አለነ ከአባታቸው ከአቶ አለነ ምንይችልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰገነት አንለይ በ1952 ዓ.ም. በወሎ ክፍለ ሀገር፣ ቦረና ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ካደጉ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። በ1970 ዓ.ም. ከአቶ ይገረም ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ከቀያቸው ሲነቅላቸው በሰፈራ አሶሳ ገቡ። ውኃ ሩቅ ስለነበር በዓመቱ ጓሯቸውን መቆፈር ጀመሩ፤ አቶ ይገረም ከታች ይቆፍራሉ፣ ወይዘሮ የዝና ልጃቸውን መስከረምን በሆዳቸው ይዘው አፈሩን በገመድ ይጎትታሉ። ኧረ እንዴት ያለ ጉልበት ነው! ውኃው ብቅ ያለ ዕለት ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ የአገሬው በርታም፣ ሰፋሪው ወለዬም፣ መንገደኛውም ከዚያ ጉድጓድ ሳይጠጣ አያልፍም ነበር። ወይዘሮ የዝናም በአገራቸው ወግ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ሳይቀምሱ ለማንም አያጠጡም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብኸይታ “የዝና የቀመሰው ሐላል ነው” ይሉ ነበር።

አቶ ይገረም በ1999 ዓ.ም. ዐረፉ። ውሎ አድሮ ከመንደሩ በላይ ያለው ገደል የከተማ ቆሻሻ መጣያ ሆነ፤ የክረምቱ ዝናብ ያንን ሁሉ ባትሪና ጥራጊ እያጠበ ወደ መሬት ሰረገ። በ2013 ዓ.ም. ስርጉት የምትባል የጤና ባለሙያ ውኃውን አስመርምራ እንዳይጠጣ ስትነግራቸው ወይዘሮ የዝና ተቆጡ። “እኔ የቀመስኩትን!” ብለው አንድ ጣሳ እፊቷ ግጥም አድርገው ጠጡ። ውኃው እኮ ጥርት ያለ ነበር! ክፉው ነገር በምላስ እንደማይታወቅ የገባቸው የወይዘሮ ብኸይታ የልጅ ልጅ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ነው። ልጅቷን ያጠጧት እርሳቸው ነበሩ፤ ያውም ቀምሰው።

ልጅቷ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች። ወይዘሮ የዝና ግን ከሆስፒታል እንደተመለሱ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጉድጓዱን በገዛ እጃቸው በቆርቆሮ ከድነው ቆለፉት። ቁልፉንም ለወይዘሮ ብኸይታ ሰጡ። “የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” ተብሎ ተተረተባቸው። እርሳቸው እቴ! ሰው ለማጠጣት በቆሙበት ደጅ ሰው ለመከልከል ቆሙ፤ የለመደ መንገደኛ ሲመጣም ጀሪካን ተሸክመው ቦኖ ድረስ ወርደው ያመጡለት ነበር። የማኅበር ሴቶችን አስከትለው የማዘጋጃ ቤቱን ደጅ ሲጠኑ ኖረው፣ በ2016 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወር አደረጉ።

መሬት ግን ቶሎ አይጠራም። ውኃው በየዓመቱ ቢመረመርም እስከ ዛሬ አልጸዳም። ወይዘሮ የዝና በእጃቸው ካወጡት ውኃ ዳግመኛ ሳይጠጡ፣ በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጆቻቸውን አንዷለምን፣ ሰሎሜንና መስከረምን ሰብስበው የተናዘዙትም ስለዚሁ ነው፦ “ጠራ ቢሏችሁ እንኳ ስርጉትን ሳትጠይቁ እንዳትቀምሱ፤ ለሰውም እንዳትሰጡ።” ዛሬ በድንኳኑ የጠጣነው ውኃ ከቦኖው የተቀዳው በቃላቸው መሠረት ነው።

ሳይቀምሱ ሰው የማያጠጡትን እናታችንን፣ ስለ ሁላችን ሞትን አስቀድሞ የቀመሰው ጌታ በራሱ እጅ ከሕይወት ውኃ ያጠጣልን። አሜን።