መሐል ላይ የገባው ዜሮ

ደነባ፣ ጥር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ለተጊዮርጊስ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጡረታ ወጥተው ጎረቤላ መግባትዎን ትናንት ከአንድ ሹፌር ሰማሁ። ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ሁለት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ሳልነግርዎ ከደብረ ብርሃን ወጡ።

የ1977ቱን ኅዳር አይረሱትም። አቶ አብዱልሀሚድ፣ ከዓሊዩ አምባ በታች ያለው ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ድርቁ በየመንደሩ የጎዳቸውን አባወራዎች ቁጥር ዝርዝር ይዘው እርዳታ ቢሯችን መጡ። ጸሐፊያቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ስለነበር ቁጥሩን ሁሉ በግዕዝ ነው የጻፈው። መተየቡና ሰሌዳ ላይ መጻፉ የእኔ ሥራ ነበር። የግዕዝ ቁጥር በደንብ አላውቅም፤ መጠየቅ ግን አፈርኩ። ከአንድ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ምልክቶቹን እያየሁ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው።

በማግሥቱ ኃላፊያችን ሰሌዳውን አይተው ጮኹ። "አንዲት የቆላ መንደር ሦስት መቶ ሰባት አባወራ? ይሄ እህል ለመዝረፍ ነው!"

አቶ አብዱልሀሚድ "ወላሂ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም" ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ጥበቃ መጥቶ ወሰዳቸው። እህሉም ታገደ።

እርስዎ ብቻ ከመዝገብ ቤት ወጥተው ሰሌዳው ፊት ቆሙ።

"ንጋቷ፣ ነይ እስቲ" አሉኝ። "ስምንት ያለው ደህና ነው። ሃያ ያለውም ደህና ነው። የተጋነኑት ግን ሁሉም መሐላቸው ዜሮ አለ። 204፣ 307፣ 105። የሚዋሽ ሰው ሁልጊዜ ዜሮ መሐል ላይ ይከታል እንዴ?"

ዋናውን ወረቀት አስመጡኝና ጣትዎን ፴፯ ላይ አደረጉ። "ይሄን እንዴት አነበብሽው?"

"የመጀመሪያው ሠላሳ ነው፣ 30 ጻፍኩ። ቀጥሎ ሰባት ነው፣ አጠገቡ 7 ጻፍኩ።"

"ታዲያ ሠላሳና ሰባት ስንት ነው?"

ሠላሳ ሰባት ነበር። ሰው አሳስሬያለሁ! ያን ጊዜ ደግሞ ስህተት ሁሉ አሻጥር ነበር የሚባለው።

ኃላፊው ዘንድ አብረን ገባን። ነገሩን ሲያስረዷቸው "ማነው የተየበው?" አሉ። አልጠቆሙኝም፤ አልሸሸጉኝምም። ወረቀቱን እያስተካከሉ ዝም ብለው ጠበቁኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ኃላፊው "አሻጥር ነው!" ብለው ሲነሱ ነው እርስዎን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማሁት። "አሻጥረኛ በገዛ እግሩ መጥቶ እኔ ነኝ አይልም፣ ጌታዬ። ሳታውቅ ነው። እኔ አስተምራታለሁ።"

በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ታለፍኩ። አቶ አብዱልሀሚድ ከሰዓት በኋላ ተፈቱ፤ እህሉም በሦስተኛው ቀን ወደ ቆላ ወረደ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው "ልጄ፣ አንቺ ባትናገሪ ዛሬም እዚያው ነበርኩ፤ አላህ ይስጥሽ" አሉኝ። የእርስዎን ምስጋና ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያን ዕለት ጠቁመውኝ ቢሆን እስር ቤት እገባ ነበር፤ ሸሽገውኝ ቢሆን ደግሞ ፈሪ ሆኜ እቀር ነበር። እርስዎ ግን ራሴ እንድናገር ጊዜ ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ለፋሲካ እርስዎ ዘንድ ነኝ። ከዚያ ዓሊዩ አምባ ወርጄ፣ ማን እንዳስፈታቸው ለአቶ አብዱልሀሚድ እነግራቸዋለሁ።

ያስተማሯት፣
ንጋቷ