እሹሩሩ ያልነበረው ዜማ

እሑድ
ሳፒር የኢንዱስትሪ ሰፈር ያለው ፋብሪካችን ውስጥ ስለ ወንድሜ ስለ ደሴ ያልነገርኩት ሰው የለም። ደሴ ሃያ ዓመት በየጃዝ ቤቱ ሳክስፎን ሲነፋ ኖሮ አሁን የአንድ ፊልም ሙዚቃ በሙሉ ሰጡት! ኡልፓን ገብቶ እየቀዳ ነው ብላት እማዬ፣ “እዚህ አገር አርባ ዓመት ኖሮ ዕብራይስጥ ገና አልገባውም?” አለች። ለእሷ ኡልፓን የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው፤ ስቱዲዮውንም ኡልፓን እንደሚሉት አታውቅም። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ሰኞ
ከሚሽመሬቴ፣ ከሥራ ፈረቃዬ፣ እንደወጣሁ ስቱዲዮው ሄጄ ሰማሁለት። ፊልሙ ላይ ሴትየዋ ወልዳ ሕፃኑን ስታቅፍ ሳክስፎኑ ቀስ ብሎ ገባ። ዜማውን አወቅሁት።
“አወቅሽው አይደል፣ እታለም? እማዬ የምታባብለኝ እሹሩሩ ነው” አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።
አዎ አልኩት። ምን ልበል? እሹሩሩ አይደለም። ሙሾ ነው።

ማክሰኞ
ሥራ ላይ ሦስት ካርቶን በተሳሳተ መለያ አሸግሁ። ሐሳቤ ሌላ ነው።
ሱዳን መጠለያው ውስጥ ከእኔ ታናሽ የሆነችው እህታችን ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ ጮኾ ማልቀስ የለም። ደሴ አራስ ልጅ ነበር። እማዬ እሱን ታቅፋ እያወዛወዘች ሙሾዋን ታወርዳለች፤ ጎረቤት ልጅ የምታስተኛ ይመስለዋል። እዚህ ከመጣን በኋላም እሱን ስታስተኛ አልተወችውም፤ ለካ ደሴም እሹሩሩ መስሎት ቀርቷል።
ሐሙስ ለዳይሬክተሩ ያስረክባል። ፊልሙ ሲታይ እማዬ ፊት ወንበር ላይ ናት፣ ቀሚስ ሁሉ ገዝቼላታለሁ። ብነግረው የመጀመሪያ ፊልሙ ይበላሻል። ባልነግረው እሷ በሰው ፊት ልትሰማው ነው።

ረቡዕ
ነገርኩት። አውቶቡስ ፌርማታ ቆሜ፣ በስልክ።
“ሌላ እህት ነበረችኝ?” አለ። አውቶቡሴ መጥቶ አለፈ። “ስሟስ?”
ታሩ አልኩት። ዘጋው።

ሐሙስ
አምስት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ምነው አፌን በያዝኩ። ነቬ ኢታማር ሰፈር እማዬ ቤት ስደርስ ገና ሳልቀመጥ፣ “ነገርሽው አይደል?” አለችኝ።
ለካ ደሴ ጧት መጥቶ ነበር። ሊቀዳት ስልኩን ፊቷ አስቀምጦ፣ “እማዬ፣ ሙሾውን እንደገና በይልኝ” ብሏታል።
“አልሽለት?”
“ዛሬስ ጎረቤቱ ይስማ ብዬ ጮኼ አለቀስኋት” አለች። ድምፅዋ ጎርንኗል፣ ፊቷ ግን ቀለል ብሎታል።

ዓርብ
ከሰንበት መግቢያ በፊት ደሴ ሙዚቃውን ላከልኝ። ሕፃኑ ሲታቀፍ ሳክስፎኑ የለም፤ የእማዬ ድምፅ ብቻ፣ ለትንሽ ጊዜ። ሳክስፎኑ ኋላ ነው የሚከተላት። የፋይሉ ስም “እሹሩሩ” ነበር። አሁን “ታሩ” ይላል።
ለዳይሬክተሩም ልኮለታል፣ ገና አልመለሰም። ይወደው፣ ይጣለው፣ አናውቅም። እማዬ ቀሚሱን ለክታዋለች። ረዝሟታል፣ እሑድ አሳጥረዋለሁ።