እርሳሱን የለቀቀው መረብ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ትንሿ ልጅህስ? እኔ ከሐሳብ በቀር የሚያመኝ የለም። ሐሳቡንም ለሌላ ሰው ማውራት ስላልሆነልኝ ለአንተ ጻፍኩ።

በቤተ ሙከራ ስለምሠራው ስስ ፕላስቲክ አጫውቼህ ነበር። ውስጡ እንደ መረብ የተሳሰረ ነው፤ ውሃ ሲያልፍበት ሌላውን ማዕድን ይለቅና እርሳስ የሚባለውን መርዘኛ ብረት ብቻ ጨምድዶ ይይዛል። አሲድ ካልነካው አይለቅም። ባለፈው ወር ከባትሪ ፋብሪካችሁ በታች ካሉ ስድስት ጉድጓዶች ውሃ አስቀድቼ በስድስት መረቦች አሳለፍኩት። ሰኞ ጠዋት ብለካቸው ስድስቱም ባዶ።

አለቃዬ፣ ውሃው ንጹሕ ቢሆን ነው፣ ደስ ይበልሽ እንጂ አሉኝ። አላመንኩም፤ የአሲዱ ጠርሙስ ጎድሏል፤ መረቦቹን ያጠበበት ሰው አለ። መጀመሪያ እሳቸውን ጠረጠርኩ፤ ከፋብሪካው ሰዎች ጋር ሲሳሳቁ አይቻቸው ነበርና። ቀጥሎ ጠረጴዛ የምጋራትን ባልደረባዬን። ምሳ አብረን ስንበላ ሦስት ዓመታችን ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ፊት ነሳኋት። ምን አጠፋሁ ብላ ብትጠይቀኝ፣ "አንቺው ታውቂዋለሽ" አልኳት። አለቀሰች።

ዓርብ ዕለት የቤተ ሙከራው ዘበኛ በጨዋታ መሐል፣ "ወንድምሽ ደግ ሰው ነው፤ እሁድ ለታ የረሳሽውን ሹራብ ሊወስድልሽ መጣ። ቁልፉን አንቺ ነሽ የሰጠሽው አይደል?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ሹራብ አልረሳሁም። ቁልፌ ግን በዋዜማው ቅዳሜ እናንተ ቤት ሳድር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሄጄ ባልደረባዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። ማን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ፋብሪካው ቢዘጋ ዐሥራ ስምንት ዓመት የለፋህበት እንጀራ እንደሚቀር አውቃለሁ። "እጄ ሌላ ሥራ አያውቅም" ያልከኝም ከጆሮዬ አልወጣም። ቢሆንም ውሃውን እንደገና ራሴ ቀዳሁ፤ አዲስ መረብ ሠርቼ፣ ቆልፌበት ለካሁ። ስድስቱም እርሳስ ጠግበው ወጡ። የባሰው እናንተ መኖሪያ ግቢ ያለው ጉድጓድ ነው። ውጤቱን ትናንት ለውሃ ቢሮ አስገባሁ።

ወንድምዬ፣ ይህን ካነበብክበት ሰዓት ጀምሮ ልጅቷን ከዚያ ውሃ እንዳታጠጧት። ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ቤት ወስደህ ደሟን አስመርምር። ሁልጊዜ የሚያማት ያ የሆድ ቁርጠት የትል አይመስለኝም። ለባለቤትህ ምን ብለህ እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ።

አምላክ ልጅቷን ይማርልን፤ ለአንተም ልብ ይስጥህ።

ዛሬም የምትወድህ ታናሽ እህትህ