ከሳፋ ሥር ስለተነሡት አሥራ አንድ ቆርኪዎች

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለላይ ሜዳ ቀበሌ የመዝናኛና የአካባቢ ውበት ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው ለአቶ ሚክያስ

ክቡር ሆይ፦

ቅዳሜ መስከረም 10 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አሥራ አንድ የለስላሳ ቆርኪዎች፣ ስድስቱ ቀይ አምስቱ ቢጫ፣ በሰላም ካረፉበት ሳፋ ሥር ተነሥተው እስከ ዛሬ የደረሱበት አለመታወቁን ለቀበሌያችን ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በዱራሜ፣ በሀደሮና በዳምቦያ ለሚገኙ የዳማ ወዳጆች ሁሉ በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ይህን መርዶ ካስቀደምኩ በኋላ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለጽሕፈት ቤትዎም ቢያንስ አንድ ስብሰባ የሌለበት ቀን እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ከእንግዲህ ደብዳቤ አልጽፍም ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ሰው በጡረታ ዘመኑ ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይቀር አስበው ወደ ብዕሬ ስለመለሱኝ በቅድሚያ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

እርስዎ ወጣት ነዎት፣ ለቀበሌውም አዲስ ነዎት፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከወይዘሮ ከበቡሽ ሻይ ቤት አጠገብ ባለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር አንድ ጉቶ አለ፤ በጉቶው ላይ በምስማር የተመታ ሳንቃ ነበር፤ በሳንቃው ላይ ስልሳ አራት ቤት ያለው ዳማ ተሥሎ ነበር። በዚያ ሳንቃ ላይ እኔና መምህር ሲላስ አሥራ ሰባት ዓመት ተጫውተናል። እርሳቸው የዚሁ አገር ሰው፣ የሂሳብ መምህር የነበሩ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ከሰሜን መጥቼ እዚህ የቀረሁ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። ረቡዕና ዓርብ ቆርኪያቸውን ልበላ እጄን ስዘረጋ “ይበልጣል፣ ዛሬ ጾም አይደለም እንዴ? አንተ ሰው እግዚአብሔርን ፍራ!” ይሉኛል፤ እኔም እጄን ሰብስቤ እስክስቅ ድረስ እርሳቸው ሁለት ይበሉልኛል። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ያሸነፍኳቸውን ጊዜያት ለመቁጠር የሁለት እጅ ጣቶች ይበቃሉ፤ የተወሰኑት ጣቶችም ይተርፋሉ።

በዛፉ ሥር አንድ ደንብ አለን። ዝናብ ወይም ለቅሶ መጥቶ ጨዋታ ከተቋረጠ የወይዘሮ ከበቡሽ ሳፋ በሳንቃው ላይ ይደፋል፣ በላዩም ድንጋይ ይጫናል፤ በማግሥቱ ሳፋው ተነሥቶ ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ሳፋ ፍየል አልነካውም፣ ሰካራም አልነካውም፤ ሌባ እንኳን አንድ ሌሊት ድንጋዩን ብቻ ወስዶ ሳፋውን ትቶታል። ዓርብ መስከረም 9 ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት በረዶ ወረደ። ሳፋውን ደፋን። መምህር ሲላስ ድንጋዩን ሲጭኑ በሀዲይኛ አንድ ነገር አጉረመረሙና “ሰኞ እጨርስሃለሁ” ብለው ወደ ቤታቸው ሮጡ፤ መሮጥ ስል በዚያ ጉልበታቸው መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

በማግሥቱ ከያሆዴና ከመስቀል በዓላት በፊት የተጠራው የጽዳት ዘመቻዎ መጣ። ከዚህ በኋላ ያሉትን ቅሬታዎች ለፋይል አያያዝ እንዲመቹ በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

1ኛ. ዘመቻው ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ሁለት ዓመት የቆየውን የቆሻሻ ክምር በአክብሮት አልፎት ሄዶ ሳፋውን ስላነሣ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ክምሩ ትልቅ ነው፤ ቆርኪ ግን አሥራ አንድ ብቻ ስለሆነ በዕለቱ ሪፖርት “መቶ በመቶ ተፈጽሟል” ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ወይዘሮ ከበቡሽ “ኧረ ልጆች፣ ሰዎቹ አልጨረሱም!” እያለች ብትጮኽም ቆርኪዎቹ ወደ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ሳንቃውና ሳፋው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ተወስደዋል። የተቋረጠው ተራ ጨዋታ እንዳልነበረ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ቀዮቹ ቆርኪዎች የእኔ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ነግሠው ሌላ ቆርኪ ተደርቦባቸው ነበር፤ በሦስት ርምጃ አሸንፍ ነበር። ከዚህም በላይ መምህር ሲላስ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ልጃቸው ጣቢታ ሐሙስ መስከረም 15 ቀን መጥታ ወደ ዱራሜ ልትወስዳቸው፣ በዚያውም ልታስቀራቸው ተነጋግረው ነበር። ስለዚህ በሳፋው ሥር የነበረው የመጨረሻው ጨዋታችን ነው።

2ኛ. ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ቢሮዎ ስንመጣ እንደ ሌላው ሰው “በቆርኪ ነው እንዲህ የምትሆኑት? አዲስ ጀምሩ” ብለው ቢያባርሩን ኖሮ ተናደን ሄደን፣ ሻይ ጠጥተን፣ እውነትም አዲስ እንጀምር ነበር። እርስዎ ግን በትሕትና ተቀብለውን አምስት አባላት ያሉት የዳማ አሰላለፍ መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚቴ አዋቀሩ። የቧንቧ ጥያቄያችን ሦስት ዓመት የፈጀ ሲሆን ይህ ኮሚቴ በሁለት ቀን ውስጥ ተሰብስቦ፣ ሻይ ቆሎ ቀርቦለት፣ ቃለ ጉባኤ ፈርሞ መጨረሱን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ከአምስቱ አባላት አራቱ ዳማ ተጫውተው አያውቁም፤ አምስተኛው የሚያውቀው የእንግሊዝ ኳስ ብቻ ስለሆነ ደጋግሞ “ግብ ጠባቂው የትኛው ነው?” እያለ ይጠይቅ ነበር።

በኮሚቴው ፊት እያንዳንዱ ቆርኪ የት እንደነበረ መሰከርኩ። መምህር ሲላስ ተቃውሞ እንዳላቸው ሲጠየቁ ለረጅም ጊዜ አዩኝና ሳቅ ብለው “እሱ እንዳለው ይጻፍላችሁ” አሉ። ወይዘሮ ከበቡሽ በምስክርነት ተጠርታ “እኔ ሻይ እቀዳለሁ እንጂ ቆርኪ አልጠብቅም” ብላ ቃሏን ሰጠች። ሁለት ተጫዋቾች ከተስማሙ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ መሳሳቴን ያወቅኩት ኮሚቴው ስምምነታችንን “በግል የተደረገ ድርድር” ብሎ ውድቅ አድርጎ አሰላለፉን በድምፅ ብልጫ ሲወስን ነው።

በውሳኔው መሠረት አንዱ ወገን እንዳይከፋው ሁለታችንም እኩል ቆርኪ ይኑረን ተባለ። አሥራ አንድ ለሁለት እኩል ስላልተካፈለ አንድ ተጨማሪ ቆርኪ ተመደበ፤ ይህ በቀበሌያችን ታሪክ በተጠየቀ ዕለት የተፈቀደ የመጀመሪያው በጀት ሳይሆን አይቀርም። ንጉሥ የሚለው አጠራር ከዘመኑ ጋር ስለማይሄድ የነገሡት ቆርኪዎች ድርባቸው ተነሥቶ “አስተባባሪ” ተባሉ፤ ከሌላው በምን እንደሚለዩ ግን አልተገለጸም። በመጨረሻም ሁሉም ቆርኪዎች ጥቁር ቤት ላይ መጨናነቃቸው ለዕይታ ስለማያምር ሁለቱ ወደ ነጭ ቤት ተዛወሩ። ክቡር ሆይ፣ ዳማ በጥቁር ቤት ብቻ የሚኬድበት ጨዋታ ነው። ነጭ ቤት ላይ የተቀመጠ ቆርኪ አይንቀሳቀስም፣ አይበላምም፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር የሚመሳሰለውም በመጀመሪያው ብቻ ነው።

3ኛ. የጠፉትን ለመተካት አሥራ ሁለት አዳዲስ ቆርኪዎች ከአንድ ግሮሰሪ ተሰብስበው መጡ፤ ሁሉም የቢራ ናቸው። መምህር ሲላስ በሕይወታቸው የቢራ ቆርኪ በጣታቸው ነክተው አያውቁም። በዛፉ ሥር ቀይና ቢጫ የለስላሳ ቆርኪ ለይተን የምናስቀምጠው በዚህ የተነሣ መሆኑን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ወይዘሮ ከበቡሽም ለስላሳ በከፈተች ቁጥር ለእርሳቸው ታስቀምጣለች። ረቡዕ ዕለት ሰሌዳውን አይተው እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ መለሱ። ሁሉም ቆርኪዎች አንድ ዓይነት ቀለም ስለሆኑ የማን የማን እንደሆነ ለመለየት ብንጠይቅ “በመግባባት” የሚል መልስ ተሰጥቶናል።

4ኛ. ሳንቃው “የዳማ ማዕከል” ተብሎ በአዳራሽዎ ውስጥ ተቀመጠ፤ በሥራ ሰዓት ብቻ ይከፈታል ተብሎም ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሐሙስ ጠዋት መምህር ሲላስ ሻንጣቸውን ይዘው፣ እኔ አሥራ አንድ የለስላሳ ቆርኪ በኪሴ ይዤ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆምን። ቁልፍ ያዡ ዳምቦያ ሥልጠና ሄዷል ተባለ። የሥልጠናው ርዕስ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ መሆኑን ከጥበቃው ሰምተን ደስ ብሎናል። ይኸው ቁልፍ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ኳስ ሲኖር ለአንድ ደቂቃ እንኳን ጠፍቶ እንደማያውቅ በዚሁ አጋጣሚ ለጥንካሬዎ ምስክርነቴን እሰጣለሁ።

እስከ አምስት ሰዓት ጠበቅን። ጣቢታ በየአሥር ደቂቃው ትደውላለች፤ የአባቷን የመሳላ በዓል ድግስ ዱራሜ አሰናድታ ሚኒባስ ተራ ቆማለች። በመጨረሻ ሻንጣቸውን ይዤ ሸኘኋቸው። መምህር ሲላስ ከሹፌሩ ጎን ከተቀመጡ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው “ይበልጣል፣ ሳልጨርስህ ሄድኩ” አሉኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ስንሰዳደብ ኖረን በዚያ ሰዓት አንዲት ስድብ አጣን።

5ኛ. የወይዘሮ ከበቡሽ ሳፋ የንብረት ቁጥር ተጽፎበት ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ውኃ ሲንጠባጠብ እንደሚያጠራቅም ሰምቻለሁ። ጣሪያ ከማሠራት ሳፋ መውረስ እንደሚረክስ ስላስተማሩን እናመሰግናለን፤ እርሷ ግን ብርጭቆ የምታጥብበት ዕቃ ስለሌላት በተበደረችው ባልዲ እያጠበች ነው።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የጻፍኩት ቅሬታ ነው፤ የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ዱራሜ ደውዬ ለአንድ ቀን እንድትለቅልኝ ጣቢታን ለመንኳት። እርሷ ጨዋ ልጅ ናት፤ የመለሰችልኝም “ጋሼ ይበልጣል፣ በዚያ ጉልበት ለዳማ ብዬ አባቴን ሚኒባስ ላይ አልጭንም። መንግሥት ካልጠራው በቀር ከዚህ ንቅንቅ አይልም” የሚል ነው። ከበስተኋላ መምህር ሲላስ “በይው፣ ቆርኪውን ያዘጋጅ በይው!” ሲሉ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩን የወሰደችባቸው ይመስለኛል።

ስለሆነም በጽሕፈት ቤትዎ አርማ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው የጥሪ ደብዳቤ ለመምህር ሲላስ እንዲጻፍልኝ እለምናለሁ። ይዘቱ አጭር ይሁን፤ “በጽሕፈት ቤታችን በመታየት ላይ ያለ፣ እርስዎ በተገኙበት ብቻ የሚቋጭ ጉዳይ ስላለ በአካል እንዲቀርቡ” ቢባል ይበቃል። ውሸትም አይደለም። ማኅተሙ እንደ ወትሮው ደብዝዞ እንዳይወጣ፤ ጣቢታ ዓይኗ ስለታም ነው። ሳንቃውን ወደ ጉቶው፣ ሳፋውን ወደ ወይዘሮ ከበቡሽ ከመለሱልን ስለ ቧንቧው ለተጨማሪ ሦስት ዓመት አንድ ቃል እንደማልተነፍስ በጡረታ ደብተሬ እምላለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ ትጋት ከእኛ ራስ ላይ ወርዶ ወደ ቆሻሻው ክምር እንዲዞር እየጸለይኩ፣ ለተደረገልንም ላልተደረገልንም፣ ይልቁንም ባይደረግልን ይሻል ለነበረው ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ታዛዥዎ፣ የቀድሞ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የአሁኑ የነጭ ቤት ቆርኪ፣
ይበልጣል

ግልባጭ፦
– በወይዘሮ ከበቡሽ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ለሚለጠፈው
– ለቁልፍ ያዡ፣ ከሥልጠና ሲመለስ

ማሳሰቢያ፦ የዳማ ማዕከሉን በሚመለከት ባለፈው ሳምንት ባወጡት ሪፖርት “ሁለት አረጋውያን ተጠቃሚ ሆነዋል” መባሉን አነበብኩ። አንዱ ዱራሜ ነው፤ ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ እስካሁን የተጠቀምኩት የአዳራሹን በር ብቻ ነው፤ እሱንም ተደግፌ ቆሜበታለሁ።

እርማት፦ ከላይ በተራ ቁጥር 1 “ቀዮቹ ቆርኪዎች የእኔ ነበሩ፤ በሦስት ርምጃ አሸንፍ ነበር” ተብሎ የተገለጸው፣ በኮሚቴው ፊትም በቃለ መሐላ የተመሰከረው፣ በስህተት የገባ ስለሆነ እንደሚከተለው ተስተካክሎ ይነበብ። ቀዮቹ፣ የነገሡት ሁለቱም ጭምር፣ የመምህር ሲላስ ነበሩ፤ የእኔ ቢጫዎቹ ናቸው። መምህር ሲላስ ድንጋዩን ሲጭኑ በሀዲይኛ ያጉረመረሙት “ላሞ” የሚል ነው፤ ሁለት ማለት ነው፤ በሁለት ርምጃ ይጨርሱኝ ነበር። ይህን ያህል ዘመን እዚህ ኖሬ አልገባኝም ልል አልችልም። ይህ እርማት የጥሪ ደብዳቤውን እንዳያዘገይ እያሳሰብኩ፣ አሥራ አንዱም ቆርኪዎች በትክክለኛው ቦታቸው ለመደርደር በእጄ ተዘጋጅተው የሚጠብቁ መሆኑን አረጋግጣለሁ።