አባትሽና መሰላሉ

ልጄ፣ ዓይኔ፣ በወጣሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። ሳሉ ለቀቀሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ የሚያፈሰውን ጣሪያም ወንድምሽ ጠገነው።

ከተማችን ታሪኳንና ባህሏን ላሳይ ብላ አሮጌውን ሲኒማ ቤት ሙዚየም እያደረገችው ነው። የባህል ቢሮ ሠራተኛዋ የድሮ የሙያ ዕቃ ለመሰብሰብ ቤት ለቤት ስትዞር፣ እኔ አባትሽ በተኛበት ብሩሾቹንና ያንን መሰላል አስረከብኳት። ታውቂው የለ፤ የግማሹን ከተማ የሱቅ ስም የጻፈ ሰው፣ በሰባ ዓመቱም መሰላል መውጣቱን አልተወም። ሙዚየም ከገባ አይወጣበትም ብዬ ነው፤ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ሲያውቅ አልተቆጣም። ይህ ከቁጣው ባሰብኝ። ከዚያ በየቀኑ ዕቃዎቹን ሊያይ መሄድ ጀመረ፤ እኔም እሰየው ብዬ ተውኩት። ትናንት ግን እጅጌው ሰማያዊ ቀለም ነክቶት መጣ። ለካ ሠራተኛዋ፣ «አባባ፣ የሙዚየሙን ስም ከእርስዎ ሌላ ማን ይጽፈዋል?» ብላው፣ የገዛ መሰላሉን ከኤግዚቢሽኑ አውጥታ በሩ ላይ አቁማለታለች። ገና ሦስት ፊደል ነው የጻፈው። ደግሞ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል፤ ምን ብዬ ልከልክለው?

ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም፣ ልጄ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ እስኪጨርስ ድረስ ጠዋት ጠዋት ደውይለት፤ ስለ ቀለሙም፣ ስለ ፊደሉም ጠይቂው፤ ቶሎም አትዝጊበት። ካንቺ ጋር ሳይቀመጥ አያወራም፤ ያን ያህል እንኳ ከመሰላሉ ይውረድልኝ።

እናትሽ