ለማትጠጣዋ አይጥ የደረሰላት የሙዝ ጥብስ

ለምወድህ አባዬ፣

እንዴት ከርመሃል? ሳልህ ተወህ? ታንኳህስ ውሃ ማስገባቷን ተወች ወይስ አሁንም ግማሹን መንገድ እየጨለፍክ ነው የምትቀዝፈው? እኛ እዚህ ኮቺ ከተማ ከዝናቡ በቀር የከፋብን የለም። ልትታከም የመጣችበት የእማዬም ጉልበት ተሽሎታል፤ እሱን በኋላ እነግርሃለሁ።

ባለፈው በስልክ፣ "ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ሥራሽ አይጥ ማስከር ነው? እሱንማ ቫርኪ የዘንባባ ጠጅ ቤት ብትቀጠሪም ታገኚው ነበር" ብለህ ሳቅክብኝ። ሳቅ ግድ የለም። ግን ሥራዬ ከማንም በላይ የሚገባው ላንተ ነው። የጉበት ሕዋስ ቆዳው ላይ ተቀባዮች አሉት። እንዳንተው አሻጋሪዎች ናቸው፤ በደም የመጣውን ያረጀ ፕሮቲን ከዳር ይቀበላሉ፣ ወደ ውስጥ ያደርሳሉ፣ ከዚያ ባዷቸውን ተመልሰው ዳር ላይ ይቆማሉ። መጠጥ በየቀኑ ሲወርድባቸው ግን የገቡት በወጉ አይመለሱም። ተሳፋሪው ዳር ቆሞ "ኧረ ባለታንኳ!" እያለ ይጮኻል። አንተ ቫርኪ ዘንድ ስትቀመጥ ወንዙ ዳር የሚሰማው ጩኸት ይኸው ነው። "የኔ ጉበት ብረት ነው" እንደምትል አውቃለሁ። የታንኳህን ሰንሰለት እየው እስቲ፣ እሱም ብረት ነበር።

አሁን ጉዱን ስማ። አይጦቹን የምንመግበው በጥንድ በጥንድ ነው። የአንዷ ምግብ አልኮል አለው፣ የሌላዋ የለውም። ልዩነቱ ከመጠጡ ብቻ እንዲሆን፣ የማትጠጣዋ የሚሰጣት ጠጪዋ ትናንት የበላችውን ያህል ብቻ ነው። ጠጪዋ ምግቧን ከተወች ያቺም ጦሟን ታድራለች።

ማክሰኞ እማዬ ምሳ ልታደርስልኝ መጣች። እጄን ታጥቤ ስመለስ የአይጦቹ ክፍል ውስጥ ናት፤ የማትጠጣዋን የሙዝ ጥብስ ታጎርሳለች! አለቃዬ ዶክተር አናማ ደርሰው "ጥናቱን አበላሹብን!" ብለው ጮኹ። እማዬ ደግሞ ብሳ፣ "የምትጠጣው ያቺ፣ የምትራበው ይቺ? ምን አጥፍታ ነው?" አለቻቸው። ዶክተሯ የጥንዱን ነገር በትዕግሥት አስረዷት። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደምትኖር ጠየቀቻቸው። "ከተጣመሩ ጀምሮ ነዋ" አሏት። እማዬ የሙዙን ከረጢት እንደያዘች ጎንበስ ብላ አይጧን አየቻት።

ደግነቱ ከጥናቱ የወጣው ያ ጥንድ ብቻ ነው። እኔን ግን ሁለት ቀን ተቆጡኝ።

የዚያን ዕለት ማታ እማዬ ካሳቫውንና የዓሣ ወጡን አቅርባ፣ ማንንም ሳትጠብቅ፣ በሩንም ሳታይ መብላት ጀመረች። ደግማም አነሳች። አባዬ፣ እማዬ ትኩስ ምግብ ስትበላ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እቤት አንተ አምሽተህ "አልራበኝም" ስትል፣ እሷም ሳትበላ ድስቱን ከድና ትተኛ እንደነበር ታስታውሳለህ? እኔ አስታወስኩና እንባዬ መጣ።

ሐኪሙ "ጉልበትዎ ድኗል፣ አገርዎ ይግቡ" ብሏታል። እሷ ግን "ገና ያመኛል" ትላለች፤ እንዲህ እያለች ደረጃውን በሩጫ ትወርዳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ና፣ ጉበትህን እናስመርምርልህ። ቫርኪ በሩን ሳይከፍት ተነሣ። እማዬን ምን ልበለው ብላት እንዲህ አለች፦ "በጊዜ ከመጣ ትኩስ ይደርሰዋል። ካመሸ ግን እኔ በልቻለሁ።"

ማርያም ታንኳህን ከማዕበል፣ አንተንም ከቫርኪ ትጠብቅልኝ።

ቅዳሜ በር በሩን የምታይ ልጅህ